የሚጢጢ ቁመት

ሰፈሩ የሚያውቀው «መስታወት» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ቀለም ቀቢ ነው፤ እሱ የቀባው ግድግዳ ላይ ፊትህን እያየህ ጢምህን መላጨት ትችላለህ ይላሉ ጓደኞቹ፣ አንድም እያደነቁት አንድም እያሾፉበት። ሌላው ቀቢ አቧራውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ሩሎውን ሲያንከባልል፣ እሱ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ ሲደርቅ እንደገና ይፍቃል። ለይስሙላ መሥራት አይሆንለትም። ሥራ ያስገኘለት ይህ ጥንቃቄው ነበር፤ ጉድ የሠራውም ይኸው ጥንቃቄው ነው።

ከከተማው ዳር ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የርግብ መኖሪያ የሆነ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ዘንድሮ ሊያድሱት ተነሡ፤ የፈትሉ አዳራሽ የሰፈሩ መሰብሰቢያ፣ የሽመናው ክፍል ሱቆች፣ ፎቁ መኖሪያ፣ ከጓሮ ያለው ክፍል ደግሞ የልጆች ማንበቢያ እንዲሆን። የቀለሙን ሥራ መስታወት ያዘ።

ወሬው ሲሰማ ከሁሉ በላይ የተደሰተችው አክስቱ ናት። እናቱ ስትሞትበት ያሳደገችው እሷ ናት፤ እትዬ ይላታል። ጉልበቷን የጨረሰችው በዚያ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሥር ቆማ ነው። እሱንና አንድያ ልጇን ሚጢጢን ጠዋት ጠዋት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ባለው የሕፃናት ማቆያ ትታቸው ትገባ ነበር። እናቶቹ በምሳ ሰዓት ልጆቻቸውን ግድግዳ እያስደገፉ ቁመታቸውን በእርሳስ ያሰምራሉ፤ ልጅ ሲያድግ ቁጭ ብሎ ለማየት ፋታ ያላቸው ሰዎች አልነበሩም። ሚጢጢ ትምህርት ቤት ሳትገባ ትኩሳት ወሰዳት። አንድ ፎቶ እንኳ አልነበራትም።

«ግድግዳው ላይ አለች እኮ» አለችው እትዬ። «አንተና እሷ፣ ጎን ለጎን። ሲከፈት ሄጄ አያታለሁ። አደራህን፣ ማንም እንዳይነካብኝ።»

«በእኔ ይሁንብሽ!» አላት ደረቱን ነፍቶ።

ቃሉን ለመጠበቅ ያላደረገው የለም። በልጅነት ዓይኑ ማቆያው እንደ ሜዳ ሰፊ ነበር፤ ስለዚህ ከጓሮው ክፍል ቀጥሎ ያለውን ትልቁን ክፍል ማቆያው ይኼ ነው ብሎ መረጠና በሩን በላስቲክ ሸፈነው። ሠራተኛው ሁሉ ወደዚያ ዝር እንዳይል አስጠነቀቀ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ጓሮው ክፍል ገባ። ጠባብ ነው፣ እስከ ጣሪያው መደርደሪያ የተገጠመለት፣ የዕቃ ማከማቻ የነበረ። ግድግዳው በግሪስ ጠቁሯል። እዚህም እዚያም የእርሳስ መስመር አየ፤ ዕቃ ቆጣሪ የሞነጫጨረው መሰለው። ፋቀው። እንደ ልማዱ እስከ ልስኑ ድረስ አጥርቶ ፋቀው፣ አቧራውንም ራሱ ጠርጎ ደፋው።

በማግስቱ አናጢው የመጨረሻውን መደርደሪያ ሲነቅል፣ ከኋላው በሰው ጭን ልክ የተደረደሩ የቦርሳ መስቀያዎች ብቅ አሉ። ከእያንዳንዱ በላይ አንድ እንስሳ ተሥሏል። መስታወት ዳክዬዋን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ። በልጅነቱ ማቆያው ውስጥ ቦርሳውን የሚሰቅለው ዳክዬዋ ላይ ነበር።

አንድ ሰነፍ ቀቢ ላዩን ብቻ ቀብቶት ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ተልጦ መስመሩ ይገኝ ነበር። እሱ ግን መስታወት ነው!

ከዚያ ወዲያ ቤት መግባት ጭንቅ ሆነበት። እትዬ ራቱን እያቀረበች ትጠይቀዋለች።

«ዛሬስ አየሃት?»

«አየኋት።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እትዬ።»

እውነቱን ልንገራት ብሎ ይነሣል፤ ለምርቃቱ ብላ የገዛችውን አዲስ ጫማ አልጋዋ ሥር ሲያይ ወኔው ይከዳዋል። በመጨረሻ ከአናጢው እርሳስ ተዋሰ። ከመስቀያዎቹ ጎን አንድ ገበታ የምታህል ቦታ ሳይቀባ ተወ፣ በአመድና በዘይት አቆሸሻት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሚጢጢ እጁን ይዛ ስትራመድ አስታወሰና አንድ መስመር አሰመረ። እድሳቱን የምትመራው መሐንዲስ ስታየው «ታሪኩን ጠብቀህልናል» ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በምርቃቱ ቀን እትዬ ሕዝቡን እየገፋች፣ ማንም ሳይመራት፣ በቀጥታ ወደ ጓሮው ክፍል ገባች። መነጽሯን አደረገች። መዳፏን መስመሩ ላይ አሳረፈች። እሱ ከኋላዋ ቆሟል።

«የአንተስ የታለ?» አለችው።

ያን ሁሉ ሲያስብ የራሱን መስመር ረስቶ ነበር።

«ጎን ለጎን ነበራችሁ እኮ።»

«ፍቄዋለሁ፣ እትዬ። በገዛ እጄ። ክፍሉ ሌላ መስሎኝ... ይኼንን እኔ ነኝ ያሰመርኩት።»

ዞራ አየችው። «ደህና ናት፣ ደህና ናት ስትለኝ የከረምከው?»

አንገቱን ደፋ። እሷ ወደ ግድግዳው ተመልሳ እጇን ከዳሌዋ ዝቅ አድርጋ ለካች፣ ከዚያ መስመሩን አየች።

«ልጄ እዚህ ድረስ አልደረሰችም» አለች ቀስ ብላ።

ያኔ እንባው መጣ። የሚያደርገው ቢጠፋው ብርጭቆ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «ላጥፋው?»

እትዬ የእጁን አንጓ ጨምድዳ ያዘችው። ያን ሁሉ ዓመት ክር የያዘ እጅ ዛሬም ብርቱ ነው።

«እንዳትነካት!» አለችው።