የሚፈታ ኪችን

አናጢው ዋጋውን ሲነግረኝ የሳቅሁት ቀልድ መስሎኝ ነው። ቀልድ አልነበረም። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና "ይኸው ነው እህቴ፣ የዘንድሮ ኪችን እንዲህ ነው" አለኝ። ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት በዚያ ብር ኪችን ብቻ ሳይሆን ሳሎንም ከነሶፋው ይሟላ ነበር። ደሜ ፈላ።

ወልድያ ነው ያለነው፣ እኔና እናቴ። ከስደት ተመልሰን ቤታችንን ስንከፍት ልበል? የምን መክፈት፣ በሩ ብርግድ ብሎ ነው የጠበቀን። ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ የቀረው የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነበር። የላዩም የታቹም ቁምሳጥን ተነቅሏል፣ ሲንኩ ተነቅሏል፣ ቧንቧው ሳይቀር ተጠምዝዞ ተወስዷል። ቴሌቪዥን መውሰድ እሺ፣ ይገባኛል። የሰው መሳቢያ ለዘራፊ ምን ያደርግለታል? የእኔ ጭልፋና ቢላ የሚቀመጥበትን መሳቢያ ተሸክሞ የትኛው ተራራ ሊወጣበት ነው? ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያ ኪችን ለቅንጦት የተሠራ አልነበረም። እናቴ ጉልበቷ አይታጠፍላትም። ግራና አጠገብ ገጠር ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ተንበርክካ እሳት ስታነድ ያለቀ ጉልበት ነው። እኔ ጋ ስትመጣ ከደመወዜ እየቆጠብኩ ቆማ የምትሠራበት አሠራሁላት። ከዚያ ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሷ ሆነች። ጨው የት እንደተቀመጠ እንኳን እሷን ሳልጠይቅ አላገኝም ነበር።

ከተዘረፍን በኋላ ከሰል ማንደጃውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ እሷ ጀሪካን ላይ ቁጭ ብላ መሥራት ጀመረች። ስትነሳ ሁለት እጇን ይዤ መሳብ አለብኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጀሪካኑ ተንሸራቶባት መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረች። ጎረቤት ለምን አልጠራሽም ብላት፣ "ምን ብዬ? አንሱኝ ብዬ?" አለችኝ። ያን ዕለት ራት አልበላችም። "ግራና ወንድሜ ጋ ልሂድ" አለች። እዚያ ሄዳ ምን እንደምትሆን ሁለታችንም እናውቃለን፤ የወንድሟ ሚስት እስክታቀርብላት ጥግ ይዛ የምትጠብቅ እንግዳ። እናቴ እንዲህ ሆና ዓመት አትከርምም። ስለዚህ ኪችኑ መሠራት ነበረበት፣ ያውም ቶሎ።

ቢሆንም ዋጋው እውነት ይሁን ወይ የቀን ዝርፊያ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ የምሠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ ግዥ ክፍል ነው። እኛ ሦስት ፕሮፎርማ ሳንሰበስብ እስክርቢቶ አንገዛም። ለራሴም እንደዚያው ላድርግ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ ወረድኩ።

የመርሳው አናጢ ደግ ሰው መሰለኝ። ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ፣ "አላህ ይተካልሽ" አለኝ። የግድግዳውን ልክ ነገርኩት።

"ወልድያ አልጠየቅሽም?"

"ጠይቄያለሁ።"

"ማን ጋ?"

እንደ ሞኝ ነገርኩት። "አንዴ ስልክ ላንሳ" ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ስልኩ ሲጠራ ግን አልሰማሁም። ሲመለስ ከወልድያው ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ነገረኝ። ውርጌሳ ወረድኩ። የውርጌሳው ይባስ ብሎ ገና ሰላም ሳልለው "አንቺ ነሽ የወልድያዋ?" አለኝ። እሱም ከመርሳው ትንሽ ከፍ አደረገ። ጉድ እኮ ነው! ሦስት ከተማ አንድ አፍ! ስመለስ መኪና ውስጥ ሲሪንቃ እስክንደርስ ብቻዬን ስለፈልፍ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ቦታ ቀየሩ።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ የወልድያው አናጢ ጋ ሄድኩና "ቤት ድረስ ና፣ አንድ በአንድ ዘርዝረህ ንገረኝ" አልኩት። እያጉረመረመ መጣ። እናቴ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እሱ ቆሞ ይዘረዝራል። ኤምዲኤፍ የሚባለው ጣውላ ከደሴ፣ ማጠፊያና እጀታው ከአዲስ አበባ፣ መብራት ስለሌለ ጄኔሬተር፣ ነዳጁ በጥቁር ገበያ፣ የእጅ። እሺ አልኩ። ድምሩ ግን ከጠራው ዋጋ ጋር አልገናኝ አለ።

"የቀረውስ?"

"እሱ ስጋት ነው።"

"ስጋት ምንድን ነው?"

"ስጋት ነዋ! እንጨቱን ከገዛሁ በኋላ መንገድ ቢዘጋስ? ነገር ቢመጣስ? ባለፈው ማሽኔን ወስደውብኛል እኮ።"

"አንተ ብቻ ነህ የምትሰጋው?" ጮህኩ። ጎረቤት ይስማ አይስማ ደንታ አልነበረኝም። "ያንተን ስጋት እኔ ልከፍል፣ የእኔንስ ማን ሊከፍለኝ ነው? ሽንኩርት ሻጯ ስጋት፣ ሚኒባሱ ስጋት፣ አንተ ስጋት! እኔ ደመወዜ ላይ ስጋት የሚል ተጨምሮልኝ ያውቃል?"

እሱ ግን ተረጋግቶ፣ "ካልሽ ደግሞ የሚፈታ አለ" አለኝ።

"የምን የሚፈታ?"

"ግድግዳው ላይ አይመታም። ሁለ ነገሩ በብሎን ነው። ቀን ከከፋ ፈታትተሽ አይሱዙ ላይ ትጭኚዋለሽ። ዘንድሮ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያሠራ፣ ጎረቤትሽም አሠርታለች። ትንሽ ይወደዳል እንጂ።"

የስጋቱ አልበቃ ብሎ የመሸሺያም ዋጋ አለው! አፌን ከፍቼ ልሰድበው ስል እናቴ ቀደመችኝ።

"ስማ ልጄ" አለችው። "ግድግዳውን ስትለካ ከረምክ። እኔን ለክተኸኛል?"

"አንቱን እማማ?"

"አዎ እኔን። የሚሠራበት ግድግዳው ነው? ነይ አንሺኝ።"

ሳብኳት። ከግድግዳው ጋር ተጠግታ ቆመችና ክርኗን አጠፈች፤ ከማንደጃው ሥር ከሰል አቀበልኳት፣ በክርኗ ልክ ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር አሰመረች።

"እስከዚህ ነው። የሚፈታም የሚነቀልም አልፈልግም። ግንበኛ ጥሩልኝ፣ በብሎኬትና በሲሚንቶ ይገንባው። መውሰድ የፈለገ ግድግዳዬን ተሸክሞ ይሂድ።"

አናጢው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፣ በጣም ተናድጄ ነበር። ግን እንዳለችው አደረግሁ። ከጉባ ላፍቶ የመጣ ግንበኛ ብሎኬቱን ደረደረ፣ በላዩ የኮንክሪት ሶሌታ ሞላ፣ ሴራሚክ አለበሰው። ለበር የሚሆን ገንዘብ አልተረፈኝም፣ ከሥሩ መጋረጃ ሰቀልን። ሲሚንቶም ቢሆን እሳት ነበር ዋጋው፤ ቢሆንም ግንበኛው ሒሳቡ ውስጥ ስጋት የሚባል ነገር አላስገባብኝም። ጎረቤታችን መጥታ አየችውና "ውይ! መቃብር አስመሰላችሁት እኮ" አለች። ነጩን ኪችኗን አስጎበኘችን፤ እንዴት እንደሚፈታ ሳይቀር አሳየችን። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

እናቴ ግን በማግሥቱ ቆማ ወጥ ሠራች። ጀሪካኑ ወደ ውኃ መቅጃነቱ ተመለሰ። ግራና የሚባል ወሬ ቆመ።

ነሐሴ ላይ ያ የተፈራው ነገር መጣ። በቆቦ በኩል ውጊያው ተጀመረ ተባለና ከተማው ተተረማመሰ። ያን ሰሞን ወልድያ አትያዝም ብሎ የሚያምን ሰው አላየሁም። መናኸሪያ ሄድኩ፣ መኪና የለም። ባጃጅ እንኳን የለም። ስመለስ ጎረቤታችን በር ላይ አይሱዙ ቆሟል። ሮጥኩ። ባልየው ገመድ እያጠበቀ ነበር።

"እናቴን ብቻ ውሰዱልኝ" አልኩት። "ጋቢና አይሁን ግድ የለም፣ ከኋላ ትቀመጥ። እኔ በእግሬ እከተላለሁ። እሷ መሄድ እንደማትችል ታውቃለህ።"

"ቦታ የለም" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ነጩ ኪችን ነው። በሩ በበሩ፣ መሳቢያው በመሳቢያው ላይ ተደርድሮ፣ እንዳይጫር ብርድ ልብስ ለብሶ፣ የመኪናውን ግማሽ ይዞ ተቀምጧል። ብርድ ልብስ ለብሶ!

"ለመሳቢያ ቦታ አለ፣ ለሰው የለም?" አልኩት። "አውርዱት! እናቴ ከጀሪካን ላይ ወድቃ ስትውል ጎረቤት ነበራችሁ እኮ፣ ጉልበቷን ታውቃላችሁ እኮ!"

ሚስትየዋ ጋቢና ውስጥ ሆና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ባልየው "ሹፌሩ ነው ያለው፣ በእኔ አይደለም" አለ። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። ድንጋይ አንስቼ ነበር። ልወረውረው ስል ከሻንጣዎቹ መሀል ሕፃናት አየሁና ተውኩት። መንገድ ላይ ቆሜ በንዴት አለቀስኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"ቦታ የለም አሉ?" አለችኝ። ጩኸቴን ሰምታ ነበር።

"የለም አሉ።"

"እንግዲያ ምሳ እንብላ።"

በቆቦ በኩል ከባድ መሣሪያ ጮኸ። ሴራሚኩ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። እጇን ዘርግታ ሰበሰበቻቸውና ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨመረች።

"ያ አናጢ" አለች፣ "ስጋት ብሎ የጠየቀሽ ስንት ነበር?"

ነገርኳት። ሽንኩርቱን በማማሰያው ገላበጠችው። መሣሪያው ደግሞ ጮኸ።

"አልበዛም" አለች።

"እንዴት ነው የማይበዛው እማዬ?" ብዬ ጮህኩባት። አናጢው ላይ፣ ባልየው ላይ፣ ነጩ ኪችን ላይ የቀረብኝን ሁሉ እሷ ላይ ጮህኩ። እሷም እስክጨርስ ሽንኩርቱን ታማስል ነበር። ከዚያ ሶሌታውን ተደግፋ በጎን ጠጋ ጠጋ አለችና አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ በማማሰያው አሳየችኝ።

"ነይ እዚህ ቁሚ" አለች። "ለሁለት ሰው ይበቃል።"

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።