ካቦው የመረጠው ቀርከሃ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አባባ ሽብሩ ገጀራውን ከእጄ ወሰዱት። ሃያ ዓመት የሞላኝ፣ ሚስት ያገባሁ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ግን ቀራንዮ ወንዝ ዳር ካለው የቀርከሃ ጫካ አስገብተው፣ «መጀመሪያ እያንኳኳህ ስማ፤ መቁረጡ ይደርሳል» አሉኝ።

ቀርከሃ የሣር ወገን ነው። እንደ ዛፍ ዓመት በዓመት አይወፍርም፤ ከመሬት ሲወጣ የያዘውን ውፍረት እንደያዘ ይሞታል። ቁመቱንም በጥቂት ወራት ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው መጠንከር ብቻ ነው። የአንድ ዓመቱ አረንጓዴና ለስላሳ ነው፣ ውኃ የጠገበ። የሦስት ዓመቱ ገርጥቶ ግራጫ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሲያንኳኩት ድምፁ ደረቅ ነው።

ይህን ኮልፌ ላይ መጋዘን ለሚያሠራው ጣሊያን ካቦ ማን ያስረዳው? የግንበኞቹን መወጣጫ ቀርከሃ «እኔ ካልመረጥኩ» አለ። ኮፍያውን አስተካክሎ ወፍራም ወፍራሙን፣ አረንጓዴ አረንጓዴውን በኖራ ምልክት አደረገበት።

«ጌታዬ፣ ይሄ ገና ሕፃን ነው» አሉት አባባ ሽብሩ።

«ወፍራም፣ ጠንካራ። ቀጭን፣ ደካማ» አለ በሰባራ አማርኛው።

አገር ሊያሠለጥን የመጣ ሰው ነውና እሺ አልን። ቆርጠን፣ በጠፍር አስረን አቆምነው።

ሁለት ሳምንት ፀሐይ መታው። ቀርከሃው ሲደርቅ ተጨማደደ፣ ማሰሪያው ላላ። ካቦው ግን እኔን ጠቁሞ «ውጣ» አለኝ። አልዋሽም፣ ፈራሁ።

አባባ ሽብሩ መሀል ገቡ። «በእኛ ሥራ ደንብ አለ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ቀርከሃውን የመረጠው ነው። ጌታዬ ከፈሩ ግን ይቅር።»

ሠራተኛው ሁሉ እያየ ፈሪ ሊባል? ወጣ። ሦስተኛው እርከን ላይ ደርሶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሊናገር አፉን ሲከፍት መወጣጫው ቀስ ብሎ ጎበጠ። ከነኮፍያው ጭቃ ማቡኪያው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ከንፈራችንን ነክሰን አወጣነው፤ እግሩ ተሰብሯል።

አባባ ሽብሩን «ደካማ ቀርከሃ አቀረበልኝ» ብሎ ከሰሳቸው። ማን እንደመረጠው የጠየቀ የለም። ስድስት ወር አሰሯቸው።

ሲፈቱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል። «አባባ፣ በእኔ ምክንያት…» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«እግርህ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ነገ ጫካ እንገባለን፤ ማልደህ ና።»

ሥራውን አሁን ለምትጀምሩት፦ ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ሰው አይሸከምም። ማንም ቢያዝዛችሁ ሰው አታውጡበት።