ለነገ ያቆየሁት ደም

ልጄ በደርግ ጊዜ የትምህርት ዕድል አግኝታ ምሥራቅ ጀርመን ሄደች። ከዓመታት በኋላ አንድ ክረምት ለዕረፍት አሰላ መጣች። በር ላይ ፊቴን ስታይ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አለቀሰች።

ጉንጬና አፍንጫዬ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቶብኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አብጠው የሹራቤን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል። ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሽተው ሰጥተውኛል፤ ጠበልም ተጠምቄያለሁ።

ልጄ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ወጣት ነበር። ሉፐስ ይባላል አለኝ፤ የሰው ደም ጠላቱን ትቶ የገዛ ገላውን የሚወጋበት በሽታ ነው። ደም የሚመረምረው ላቦራቶሪ ውስጥ እያለን ልጄ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ፊቷን ታዞርብኝ ጀመር። ምን እንደሆነች ስጠይቃት ሥራዋን ነገረችኝ።

እንስሳም ሰውም በየሕዋሱ ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባል ነገር አለው አለች። ረጃጅሞቹ ፕሮቲን የሚሠራበትን ትእዛዝ ይዘው ይሄዳሉ። ትንንሾቹ ግን ምንም ትእዛዝ ስለማይዙ ብዙ ሰው የረጃጅሞቹ ስባሪ ናቸው ብሎ ያልፋቸው ነበር። እሷና አስተማሪዎቿ የራሳቸው ሥራ እንዳላቸው ማሳየት ይፈልጋሉ። ለዚህ ከአይጥ ሕዋስ ውስጥ ለይቶ የሚያወጣቸው ነገር ያስፈልጋል፤ እሱ የሚገኘው እንደኔ ባለ በሽተኛ ደም ውስጥ ነው። ደማችን ትንንሾቹ የተጣበቁበትን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይይዘዋል፤ ሲይዘው እነሱም አብረው ተጎትተው ይወጣሉ። ደም ይሰጧቸው የነበሩት ሴትዮ ሞተዋል፤ የተረፈው ካለቀ ሥራዋ መቆሙ ነው።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ስሙን ሲጠራ መጀመሪያ ደስ አለኝ» አለች። «በሽተኛዋ አንቺ መሆንሽ ከዚያ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።»

«ታዲያ ለዚህ ነው እንዲህ መኮራረፍ? ውሰጂው። ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

ከላቦራቶሪው ሠራተኛ ጋር ቀን ቆረጠች። ቀኑ ግን የፍልሰታ ፍቺ ሆኖ ተገኘ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በረዶ የተሞላ ቴርሞስ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ነጠላዬን አፌ ላይ ስታይ ቴርሞሱን መሬት አስቀመጠችው። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን አይተፋም፤ ከገላውም ደም አይወጣም። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ባዕድ አገር ስትቆይ ቀኑ ጠፍቶባት ነው።

ነገ ጠዋት ይቀዳል አልኳት። አውሮፕላኗ ነገ ማታ ነው፤ የአዲስ አበባው ሎንችና ደግሞ የሚነሣው ሆስፒታሉ ሳይከፈት ነው። ከሳጉሬ የሚወርድ የእህል መኪና አይጠፋም አልኳት። በስንዴ ላይ ተጭኜ በርሊን ልገባ ነው ብላ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ መስኮት ሥር ተቀምጬ ጣቶቼን አየሁ። እብጠቱ የቀነሰ መሰለኝ። ጨበጥኳቸው፤ ብዙም አላመሙኝም። ሱባኤውን ሁሉ የለመንኩት እንዲምረኝ ነበር፤ የቆረብኩትም ለዚያው ነው። ያን ጊዜ ግን ደነገጥኩ። ዛሬ ከዳንኩ ልጄ ቴርሞሷን ባዶውን ይዛ መሄዷ ነው።

«ጌታዬ፣ ዛሬ አይሁን» አልኩ። «ለነገ አድርገው።»

ሥጋውንና ደሙን በተቀበልኩበት አፍ እንዲህ አልኩ። እስኪመሽ ድረስ ጣቶቼን እያየሁ እንዳይሻላቸው ፈራሁ።

ጠዋት እንደወትሮው አብጠው ነቃሁ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው አፈርኩ። ደሙ ተቀዳ፤ ልጄ የምትፈልገው የደሙ ውሃ ተለይቶ በረዶ ውስጥ ገባ። ልጄ ቴርሞሱን እንደ ሕፃን አቅፋ የስንዴው መኪና ጋቢና ውስጥ ገባች።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። መልሰው ጠየቁኝ።

«አልፈልግም አልሽው ወይስ ቆይልኝ?»

«ቆይልኝ ነው አባቴ።»

«ይቆያል» አሉ። ስግደት ሰጡኝ፤ ጉልበቴን አይተው ግማሹን ቀነሱልኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ልጄ መድኃኒት ይዛልኝ መጣች። አንድ ፊልምም ይዛ ነበር፤ ራጅ የሚመስል። መስኮቱ ላይ አስደግፋ ታች ያሉትን ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሳየችኝ። ትንንሾቹ እነዚህ ናቸው አለች። ከሁሉ በታች ያለችውን በጣቷ ነካች።

«ይቺን የሞቱት ሴትዮ ደም አላወጣትም ነበር። ያንቺ ነው ያወጣት። ስባሪም አይደለችም።»

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ፊልሙን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ለዚያች መስመር ሳመሰግን ሳልድን ስለማደሬ ማመስገኔ እንደሆነ ገብቶኛል። ሌላ የማመስገኛ መንገድ አላገኘሁም።

መድኃኒቱ ረድቶኛል፤ ቁልፌን ራሴ እቆልፋለሁ። እስከ ዛሬ ግን በቆረብኩ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣቶቼን አላይም። ነጠላዬ ውስጥ አስገብቼ እቀመጣለሁ።