ሰርካዲስ ፔግረሞችን ስትቆጥር

እትዬ ሰርካዲስ የልጇን እጮኛ ዘር ለማጣራት መርማሪ ቀጥራ እንግሊዝ አገር ልካለች ተባለ። ወሬው ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ከተማ ሞርስ ሮድ ካለው ሥጋ ቤት ሰልፍ ላይ ሲነሳ መርማሪው አንድ ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ሁለት ሆነ። ወደ ሥጋ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ አንደኛው መርማሪ እዚያው እንግሊዝ ሚስት አግብቶ ቀርቷል፤ የሚስቱን ስም ሳይቀር የነገሩኝ አሉ።

ውሸት ነው። ሰርካዲስ ማንንም አልቀጠረችም፣ ማንንም አልላከችም። ሰው ልካ የሚመጣላትን ወሬ የምታምን ሴት አይደለችም። የሄደችው ራሷ ናት፤ የሄደችውም እንግሊዝ ሳይሆን ሱቋ ካለበት የከተማው ዳር ከፖላሪስ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ያለ የበቆሎ እርሻ ነው። «ፈረንጅ ስለጠላች ሰበብ ፈልጋ ነው» የሚለው ቅጥያም አያስኬድም። ልጁን ዘሩን ከመቁጠሯ በፊት ወገቡን ለክታዋለች፤ የሠርግ ሱፉ ከነገበሩ ተቆርጦ ሱቋ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር።

ሱቋ ፖላሪስ ነው፤ ልብስ ታስተካክላለች። ሙያውን የለመደችው ካርቱም በስደት ሳለች ነው። የቢሮ ሰዎች ሱሪ ያሳጥሩባታል፣ ሙሽሮች ከሠርጉ በፊት ቀሚስ ያስጠብባሉ፣ ከሠርጉ በኋላ ሌላውን ልብስ ያስሰፋሉ። አበሻው ግን የሚያውቃት በሌላ ሥራ ነው። ኮሎምበስ ውስጥ ልጅና ልጅ ተዋደው ሽማግሌ ሊላክ ሲታሰብ፣ ቤተሰቦቹ መጀመሪያ ኮል የሚያደርጉት ለሰርካዲስ ነው። እሷ ዘር ታስቆጥራለች። በአባት በኩል እስከ ሰባት ቤት፣ በእናት በኩል ደግሞ የእናትን አባት ይዛ እንደገና ሽቅብ። ሁለቱ ወገኖች ከሰባት በታች ከተገናኙ «ዘመዳሞች ናችሁ» ትላለች፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሐምራዊት የምትባለውን ልጅና ከተማ የሚባለውን እጮኛዋን ስድስተኛው ቤት ላይ አገናኝታ የለያየቻቸው እሷ ናት። ከተማ አሁን ሲያትል ነው፤ ሐምራዊት ሱሪዋን ሌላ ሱቅ ታሳጥራለች።

ስለዚህ የገዛ ልጇ ብሩክታዊት ሊዮን ፔግረም የሚባል፣ ዘሩ ከእንግሊዝ የመጣ የኦሃዮ ልጅ ይዛ ስትመጣ፣ ሥጋ ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ጆሮውን ቀሰረ። በሰው ልጅ ላይ ያጠበቀችውን በራሷ ልጅ ላይ ታላላው እንደሆነ ለማየት ነው። ሰርካዲስም ይህንን አላጣችውም።

«ሰባት ቤት ሳይቆጥር ሽማግሌ በሬን አያንኳኳም» አለች።

ባሏ አንድርያስ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ነገር አያበዛም። «አንቺ ሰው፣ የኛና የእንግሊዝ ዘር የት ነው የሚገናኘው? ባሕር ላይ?» አላት።

«ይገናኛል መች አልኩ? ሰባት አባቱን መጥራት ለማይችል ሰው ማን ይመሰክርለታል?»

ልጁን ሳሎን አስቀምጣ ጀመረች።

«የአባትህ ስም?»

«ሮበርት ፔግረም።»

«የአያትህስ?»

«ሃሮልድ ፔግረም።»

«የሃሮልድ አባት?»

ሊዮን ጣሪያውን አየ። «እ... ሚስተር ፔግረም።»

«የእሱስ አባት?»

«እሱም ፔግረም ነው የሚሆነው።»

ብሩክታዊት ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች። ሰርካዲስ አልሳቀችም። አባቱን የረሳ አይታለች፤ የአያቱን አባት እንደ ባንክ ሥራ አስኪያጅ «ሚስተር» ብሎ የሚጠራ ሰው ግን በዕድሜዋ አላጋጠማትም። ባሏን ዞራ አየችው፤ አንድርያስ ጫማውን ያያል።

«ማሚ፣ ኢትስ ኖት ሂዝ ፎልት» አለች ብሩክታዊት።

ሊዮን ግን ብልህ ልጅ ነው። የአያቱ እህት አክስት ኤድና እርሻው ላይ እንዳለች፣ ወላጆቿ ከእንግሊዝ ይዘውት የመጡት ፎቶ ሁሉ እሷ ጋ እንደሆነ ተናገረ። ቅዳሜ ሄዱ።

አክስት ኤድና ዘጠና ዓመት ያለፋት፣ ሳታገባ የኖረች፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ሴት ናት። የምግብ ጠረጴዛዋን ከዳር እስከ ዳር በፎቶ ሸፍና ነው የጠበቀቻቸው። ሰርካዲስ ድፎ ዳቦ ይዛ ሄዳ ነበር፤ ማስቀመጫ አጥታ ጭኗ ላይ አቀፈችው።

ፎቶዎቹ ኖርፎክ በሚባለው የእንግሊዝ ገጠር የተነሱ ናቸው። አንድ ሰው ሁለት ፈረስ በልጓም ይዞ ቆሟል፤ ከእሱና ከፈረሶቹ ማን እንደሚረዝም ያጠያይቃል። ሴቶች በረጅም ቀሚስ ነዶ ያስራሉ። ደፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ ዶሮ አንቃ ይዛለች። ሰርካዲስ ነዶውን ስታይ ፊቷ ፈታ አለ። «ገበሬዎች ናቸው እኮ» አለች ለአንድርያስ፤ በሆዷ ምን ጠብቃ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ኤድና ፎቶ ብቻ አይደለም የሰበሰበችው። ለዚያ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ስትጽፍ ኖራ፣ የእያንዳንዱን ሰው የጥምቀትና የጋብቻ ወረቀት ግልባጭ አስመጥታ ከፎቶው ሥር አስቀምጣዋለች። እያነሳች በጣቷ ጠቆመች። ሃሮልድ፣ ወንድሜ። ዋልተር፣ አባቴ። ዊልያም፣ የአባቴ አባት። ጆርጅ። ቶማስ። የመጨረሻው ጆን ፎቶ የለውም፤ በእሱ ዘመን ካሜራ ስላልነበረ የጥምቀት ወረቀቱ ብቻ አለ። ከሊዮን አባት ከሮበርት ጋር ሰባት። ሰርካዲስ ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግማ አጠፈች። በአባት በኩል ሞላ። አንድርያስ እጁን ወደ ዳቦው ሰደደ።

እዚህ ላይ ተነስተው ቢሄዱ ምንም ባልመጣ። ኤድና ግን የእናትና አባቷን የሠርግ ፎቶ ሳታሳይ እንግዳ አትሸኝም።

ፎቶው ከድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የተነሳ ነው። ሙሽራው ዋልተር፣ ሙሽሪት ፍሎራ። በመሃላቸው አንድ ጢማም ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። የሙሽራው አባት የሽማግሌውን አንድ ትከሻ ይዟል፣ የሙሽሪት አባት ሌላኛውን። ሰርካዲስ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«አክስት ኤድና፣ እኚህ ሽማግሌ የማን ወገን ናቸው? የሙሽራው ወይስ የሙሽሪት?»

«የሁለቱም።»

«እንዴት የሁለቱም?»

«ጆርጅ ነዋ፣ አምስተኛ ላይ የቆጠርሽው። ዊልያምና አልፍሬድ ልጆቹ ናቸው። ዊልያም አባቴን ወለደ፣ አልፍሬድ እናቴን ወለደ።»

«የሙሽሪት ወገን የት ቆመ ታዲያ?»

«አንድ ወገን ነው» አለች ኤድና ሻይ እየቀዳች። «ወንበር አንድ ብቻ የሆነው ለምን ይመስልሻል?»

ዳቦው ከሰርካዲስ ጭን ተንሸራተተ፤ አንድርያስ ነው ከመሬት በላይ የቀለበው። እሷ አላየችም። ሁለቱን አባቶች ደጋግማ ታያለች፤ አንድ ዓይነት ጆሮ፣ አንድ ዓይነት ግንባር።

«እህትና ወንድም» አለች በአማርኛ፣ ቀስ ብላ።

ሊዮን ከብሩክታዊት የተማራት አማርኛ ለዚህች በቂ ነበረች። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ኖ፣ ኖ፣ እትዬ! የአጎት ልጆች ናቸው!»

«እኛ ጋ የአጎት ልጅም እህት ናት» ብላ ብሩክታዊት ለኤድና አስረዳች።

አሁን ደግሞ ኤድና ደነገጠች። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «ታዲያ እናንተ ማንን ታገባላችሁ?»

«ሩቅ ሰው» አለች ሰርካዲስ።

«ሩቅ ሰው በምን ይመጣል? ፈረሱ ሲያርስ ውሎ ደክሞታል።»

ማንም አልሳቀም። ሊዮን ፎቶውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ይህንን ፎቶ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል፣ ወንበሩን ግን አንድም ቀን አልጠየቀም። ሲመለስ ቀዩ ፊት ነጥቶ ነበር።

«እትዬ፣ ቀረ ማለት ነው?»

ብሩክታዊት እናቷን እንጂ እሱን አላየችም። ይህንን ፊት ታውቀዋለች፤ ሐምራዊት ፊት ለፊቱ ቆማ ስታለቅስ እንኳ ያልተፈታ ፊት ነው።

ሰርካዲስ ሕጉን ከላይ እስከ ታች በሆዷ ብታመላልሰው፣ ሕጉ የሚጠይቀው ሙሽራውና ሙሽሪት መገናኘት አለመገናኘታቸውን ነው። ሙሽራው ከራሱ ጋር ቢገናኝስ የሚል የለበትም። ልጁ ደግሞ ይኸው ቆሟል፣ ረጅም፣ ጤነኛ፣ ሱፍ የሚያምርበት። ግን ሌላ ነገር ከነከናት።

«ሰባቱን ስቆጥር እኮ ምንም አልነበረበትም» አለች። «ንጹሕ ነበር። ይህ ነገር የት ተደብቆ ነው ያመለጠኝ?»

«አልተደበቀም» አለች ኤድና። «እናቴን አልጠየቅሽኝም። የወለዱትን ሴቶች ሁሉ ዘለሽ አባት ለአባት ሄድሽ።» ከዚያ በኩራት ሌላ የፎቶ ክምር ገፋ አደረገችላት። «ሴቶቹ እነዚህ ናቸው። ፍሎራ፣ የፍሎራ እናት፣ የእናቷ እናት፣ ከእነ አባቶቻቸው ስም። የእናንተዎቹስ?»

ሰርካዲስ አፏን ከፈተች። የእናቷን ስም ጠራች። የእናቷን አባት ጠርታ፣ በእሳቸው ሽቅብ እስከ ሰባት ልትወጣ ስትል ኤድና አንገቷን ነቀነቀች።

«አባትየውን ተዪውና፣ የእናትሽ እናትስ?»

ሰርካዲስ ጣቷን እንዳጠፈች ቀረች። ሰው ሁሉ አያቷን «እማሆይ» ይላቸው እንደነበር ታስታውሳለች። ስም ግን፣ የአባት ስም ግን፣ ከየት እንደመጡ ግን... አንድርያስ ሊያግዛት ብሎ ይመስለኛል ወሬ ለወጠ፤ ሁለቱም ገጠር ተወልደው ካርቱም በስደት እንደተገናኙ፣ እሱ ከአንድ ወንዝ ወዲህ እሷ ከዚያው ወንዝ ወዲያ እንደሆኑ ለኤድና አጫወታት።

«ጎረቤቶች ናችኋ» አለች ኤድና ደስ ብሏት።

ሊዮን ፎቶዎቹን ለመመለስ እዚያው ቀረ። ሦስቱ ሲመለሱ አንድርያስ ይነዳል፣ ሰርካዲስ ከጎኑ ናት፣ ብሩክታዊት ከኋላ። በቆሎው በግራም በቀኝም አላልቅ አለ።

«ማሚ፣ ሶ?» አለች ብሩክታዊት በመጨረሻ። «ሽማግሌ ይምጣ ወይስ አይምጣ?»

«ይምጣ።»

«ሪሊ?»

«ይምጣ አልኩሽ። ልጁ ምን አደረገ?»

ብሩክታዊት ስልኳን አውጥታ ለሊዮን ቴክስት ማድረግ ጀመረች። አንድርያስ ፈገግ ብሎ ሬዲዮውን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ፣ ሰርካዲስ እጁን ያዘችው። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር። 

«አንድርያስ፣ ሳንጋባ እኛን ሲቆጥሩን የእናትህንም የእናቴንም እናት የጠየቀ ሰው ነበር?»