ከውጤቱ ላይ የጠፋው ደብተር

ኮምፒውተር አይቀጥፍም እያልኩ ስንቱን ሰው ሳሰለች ኖሬያለሁ። ሰው ይቀጥፋል፣ ኮድ ግን ያለውን ነው የሚያሳየው እል ነበር። እንዲህ ስል የሚሰማኝና የሚስቅብኝ ደግሞ ከሁሉ በላይ የማምነው ጓደኛዬ ነው።

ጓደኛዬ የዚሁ የጋምቤላ ከተማ ልጅ ነው። አማርኛውን የለመደው እኛ ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ ከትምህርት ቤት አብሮኝ እየመጣ ከአባቴ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ ነው ያደገው። አባቴን «አባባ» ነው የሚለው። ያን ሰሞን ከተማው መሃል፣ ከአንድ ሞባይል ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለታችን አንድ ላይብረሪ እንሠራ ነበር። መጻሕፍት የሚደረደሩበትን ማለቴ አይደለም፤ ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ ነው። የእኛውን የባሮ ወንዝ የውሃ ከፍታ ይቀበልና «ወንዝ ዳር ያላችሁ ውጡ» ወይም «ገና ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ በየሰዉ ስልክ መልእክት ሆኖ ይደርሳል። ሰኞ ለውሃ ቢሮው ልናስረክብ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ እየገባ ነው።

ኮዱ ልክ መሆኑን የምንፈትነው በአባቴ ደብተሮች ነበር። አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው። አቦቦ ወረዳ በኩል መሬት ሲቆፍር ኖሮ ኋላ ከተማ ገባና የውሃ ልኬት መዝጋቢ ሆነ። ጠዋትና ማታ ከድልድዩ ሥር ይወርዳል፣ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ያነባል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። «አንድ ቀን አላጓደልኩም» የምትለዋን ነገር ለለቅሶ የመጣ እንግዳ ሳይቀር ሰምቷታል። ጡረታ ሲወጣ ደብተሮቹን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። እኔም እያንዳንዱን ቀን አንድ ቴስት አደረግሁት፤ የዚያን ቀን ቁጥር ለኮዱ እሰጠዋለሁ፣ ያን ቀን በከተማው የሆነውን በትክክል መመለስ አለበት።

ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ደብተር ነው። የሚጀምረው ውሃው ወንዝ ዳር ያሉት ቤቶች ውስጥ ከገባበት ነሐሴ ነው። ውሃው የት ላይ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው ይጩህ የሚለውን መስመር ያስቀመጥነው አባቴ ያን ቀን በጻፈው ቁጥር ነበር። ከማስቀመጤ በፊት ጠይቄዋለሁ። «አባዬ፣ በዚች ቁጥር እርግጠኛ ነህ? የሰው ነፍስ ነው» አልኩት።

«አንቺን ይንሳኝ! በዓይኔ አይቼ ነው የጻፍኩት» አለኝ።

አንድ ልጁ ነኝ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ልፈልግ?

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቴስቱን አስኬድኩት። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፤ አለፈ ማለት ነው፣ የወደቀ ቀይ ነው የሚሆነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ እንደ ልማዴ የነሐሴን ቀናት ፈለግሁ፤ ውጤት ሲወጣ ሁልጊዜ ቀድሜ የማየው እነሱን ነው፣ የአባቴ ናቸዋ! የሉም። አለፉ አይል፣ ወደቁ አይል፣ የመጨረሻው ደብተር እንዳለ ከውጤቱ ላይ የለም።

መጀመሪያ መብራቱን ረገምኩ፤ ጠዋት ሁለቴ ጠፍቶ ነበር። መብራት ሲመጣ ደግሜ አስኬድኩት፣ ያው ነው። ቀጥዬ ኔትወርኩን ረገምኩ። ከዚያ ራሴን ጠረጠርኩ፤ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ስማቸውን አየሁ፣ ሰርቨሩ ላይ መኖራቸውን አየሁ፣ ሁሉም በቦታቸው አሉ። ረቡዕ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። አበስኩ ገበርኩ! ሙቀቱ ወንበር ላይ አጣብቆኝ፣ ላቤ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ማግኘት አቃተኝ።

«ሰርቨሩ ይሆናል» አለኝ ጓደኛዬ፣ ከላፕቶፑ ላይ ቀና ሳይል። ተመስገን የሚያስብልኝ ሰው አለኝ አልኩ በልቤ።

ሐሙስ ጠዋት እልህ ያዘኝ። ከነሐሴ ፋይሎች በአንዱ ውስጥ ዓይን ያወጣ ውሸት ጻፍኩ፤ ባሮ ድልድዩን አልፎ ሄዷል፣ ሰው ግን ቤቱ ይቀመጥ የሚል። ይሄ ቀይ ካልሆነ ምን ቀይ ሊሆን ነው? አስኬድኩት። አረንጓዴ! ክው አልኩ። ኮዱ ውሸቴን ተቀብሎት አይደለም፣ ጭራሽ አላነበበውም። አታንብብ ተብሏል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። የቴስቱ ማዘዣ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ገብታለች፤ የመጨረሻው ደብተር ያለበትን ፎልደር ዝለል የምትል። እኛ ሥራ ላይ ማንኛውም ለውጥ ያደረገው ሰው ስም ከነሰዓቱ ከጎኑ ይመዘገባል። የጓደኛዬ ስም ነው። ሰዓቱም እሑድ ጠዋት፣ የመዘምራን ልብሱን ለብሶ ጸሎት ቤት ይዘምራል ብዬ በማስብበት ሰዓት።

ደሜ ፈላ። «ሁለት ቀን ሙሉ ስቃጠል ቁጭ ብለህ ታየኛለህ? ደግሞ ሰርቨሩ ነው ትላለህ!» አልኩት። አልካደም። ይሄ የባሰ አነደደኝና የማይባል ነገር ተናገርኩ። «ቤታችን በልተህ አድገህ!» አልኩት።

እሱ የመጨረሻውንና ከእሱ በፊት ያለውን ደብተር ከፌስታሉ አወጣና ገለጠልኝ። «የየቀኑን ልኬት የመጨረሻ አኃዝ ብቻ አንብቢ» አለኝ።

ከነሐሴ በፊት ያለውን አነበብኩ። ሦስት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ። ከነሐሴ ወዲህ ያለውን አነበብኩ። ዜሮ፣ አምስት፣ አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አምስት። ገጹን ገለበጥኩ፤ ዜሮና አምስት። እስከ ደብተሩ መጨረሻ ዜሮና አምስት።

«ውሃ እንደዚህ አይቆምም» አለ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ። «ይሄ ግምት ነው። አልተለካም።»

ድልድዩ ላይ በዚያው ክረምት የተተከለ በራሱ የሚለካ መሣሪያ ነበር፤ ለዓመታት የያዘውን ማንም አላየውም። ጓደኛዬ መዝገቡን ከውሃ ቢሮው ለምኖ አመጣና ከደብተሩ ጋር አስተያየው። ውሃው ቤቶቹ ውስጥ የገባው አባቴ ከጻፈው በአንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ነው። በእኛ መስመር ከሄድን መልእክቱ የሚደርሰው ውሃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ምሳ ዓሣ የምትጠብስልን ሴትዮ ከነልጆቿ ወንዙ ዳር ነው የምትኖረው። እነዚያን ቁጥሮች በገዛ ጣቴ አንድ በአንድ ስጽፍ ምንም ያላየሁት እኔ ነኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አባባን ማዋረድ አልቻልኩም። አንቺ በዚህ ደብተር ነው የምትኮሪው። መስመሩን ካስረከብን በኋላ ቀስ ብዬ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ያኔ ደብተሩ ቀይ ሆኖ እንዳያጋልጠው ቀድሜ ላስዘልለው ብዬ ነው።»

«ካስረከብን በኋላ ማን ያስነካሃል?»

 እኔም ትቼው ወጣሁና ባጃጅ ይዤ አባቴ ጋ ሄድኩ።

ማንጎው ሥር ተቀምጧል። ሁልጊዜ ስገባ የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ። «ደብተሬ እንዴት ናት?»

«አባዬ፣ ያን ነሐሴ ወደ ሰሌዳው ወርደህ ነበር?»

 ራሱ ነገረኝ። ነሐሴ ሊገባ ሲል ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ከሰሌዳው ሥር አዞ ወስዷት ነበር፤ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። «ከዚያ ወዲህ እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለ። «ከድልድዩ ላይ ሆኜ እገምታለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጡረታዬ።»

ፈራሁ ቢለኝ ምን ነበረበት? አዞ የማይፈራ ማን አለ! እኔስ እወርድ ነበር? ግን ያን ያህል ዓመት ደብተሩን በብብቱ ይዞ ሲወጣ «በርታ አባዬ» እያልኩ የሸኘሁት እኔ ነኝ። «እሺ ፈራህ» አልኩት። «በእኔ የማልከው ለምንድነው?»

«በእኔ ስትኮሪ ሳይሽ እውነቱን መናገር አቃተኝ» አለ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ግቢውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሰው ተናግረሻል?» አለኝ።

 ስለ መሐላው አንድ ቃል ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ምንም ሳልመልስለት ወጣሁ።

ወደ ጠባቧ ክፍላችን ስመለስ ጓደኛዬ እዚያው እንደተቀመጠ ነው። አላናገርኩትም። ጠዋት የጻፍኩትን ውሸት ሰርዤ የማስጠንቀቂያውን መስመር መሣሪያው ባሳየው ልክ ዝቅ አደረግሁ። የማስጠንቀቂያውን መስመር መሣሪያው ባሳየው ልክ ዝቅ አደረግሁ። ለቢሮው ከሰኞ እንደምንዘገይ ጻፍኩ። ደብተሩን ከፈተናው አወጣሁት፤ ለውጡ ማብራሪያ ይጠይቃል። «የመጨረሻው ደብተር በዓይን ግምት የተሞላ ስለሆነ ለፈተና አይውልም» ብዬ ሞላሁ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ አነበበውና «ካልሆነ በእኔ ስም ይግባ» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት፤ ወደ ክፍሏ ከተመለስኩ ወዲህ የነገርኩት ይችን አንዲት ቃል ብቻ ነው።

ላክሁት። ኮምፒውተሩም እንደ ደንቡ ለውጡን ማን እንዳደረገው ከጎኑ ጻፈ፤ ስሜን፣ ከስሜም ቀጥሎ የአባቴን ስም።