ተስካሩ የተበላለት ተርጓሚ

ቅድም ከስልክሽ ፊልም የወጣው ያ የሙት ማቃሰት አራት ሰዎች አስታወሰኝ። አንደኛው ተርጓሚው ነው፤ በትንሿ ከተማችን በሞላሌ ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ የፈረንጁን ፊልም ወደ አማርኛ ይመልስ የነበረ ጓደኛዬ። ሁለተኛዋ እናቱ ናቸው፤ ከእሱ በቀር ልጅ አልነበራቸውም። ሦስተኛው ባለቪዲዮ ቤቱ ነው፤ ጋሼ እንለው ነበር፤ ሰው ሲንጫጫ ጄኔሬተሩን አጠፋለሁ እያለ የሚያስፈራራ። አራተኛው እኔ አባትሽ ነኝ፤ ትምህርቴን አቋርጬ እንግሊዝኛን ከዚያ ማይክ አጠገብ ተቀምጬ የለቀምኩ።

"አባዬ፣ የእንግሊዞቹ የሙት ፊልም ከአሜሪካኖቹ ይበልጣል፤ በተለይ ክፍል ሁለቱ" ስትዪኝ ዝም ያልኩት ስለማላውቅ አልነበረም። ስልኩን አስቀምጪና ስሚኝ።

ቪዲዮ ቤቱ በጭቃ የተመረገ አዳራሽ ነበር። በገበያ ቀን ገበሬው በጉንና ገብሱን ሸጦ ሲገባ ቤቱ ጉም የጠጣ የበግ ጠጉር ባና ይሸታል። የጄኔሬተሩ ጭስ ደግሞ በግድግዳው ስንጥቅ እየሾለከ ይመጣል። መስኮቱ በጆንያ ቢሸፈንም አንድ ቀጭን የፀሐይ ጨረር አምልጦ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንዳንዴ ልክ አክተሩ ፊት ላይ ያርፍ ነበር። አክተር የምንለው ዋናውን ጀግና ነው። የቤቱም ሕግ አንድ ነበር፤ አክተር አይሞትም።

የአሜሪካኖቹ ፊልም ይህን ሕግ አይሽርም። ሙቶቹ ተነሥተው ከተማውን ይሞሉታል፤ አክተሩ መሣሪያውን አንሥቶ ግንባር ግንባራቸውን ይላቸዋል። ተርጓሚው ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎ፣ "እንካ! አንተም ቅመስ! ዘመድ ካለህ ጥራ!" ይላል። ፈረንጁ እንዲህ አላለም፤ አዳራሹ ግን በሳቅ ይናጋል። ክፍል ሁለት ሲመጣ ሙቱ ይበዛል፣ መሣሪያው ይተልቃል፣ ሌላው ያው ነው። እነዚያ ሙቶች የማን ልጆች እንደነበሩ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰው በማያውቀው ሬሳ ላይ መሳቅ አይከብደውም። አንቺም ቅድም ስትስቂ ሰምቼሻለሁ።

"ጋሼ፣ ይኼ ክፍል ሁለት አለው?" ይላል ሰው ሲወጣ።

"አለው፤ አንተ ብቻ ሳንቲምህን ጠጥተህ እንዳትጨርስ" ይላል ጋሼ።

ተርጓሚው አንድ ክረምት ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ወጣ። የእናቱ ቤት የጓሳ ሣር ክዳን አርጅቶ ያፈስ ነበር፤ ቆርቆሮ ላለብሳት ብሎ ነው የሄደው። ከወራት በኋላ አብሮት የወጣ አንድ የቀየት መንደር ልጅ ተመለሰና ጀልባችን ባሕር ላይ ተገለበጠ፣ ሲሰምጥ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ የእናቱን በር አንኳኩተው መርዶውን ነገሩ።

ሬሳ አልነበረም። ቡናማ ጃኬቱ መደብ ላይ ተዘርግቶ በእሱ ላይ ተለቀሰ። ካህናቱ ስሙን እየጠሩ ፍትሐት አደረሱለት። እናቱ ጠጉራቸውን ተላጩ፣ ጥቁር ለበሱ። በአርባው ያላቸውን በግ ሁሉ አሳርደው ተስካሩን አወጡ። አገሩ በላ፣ ጠጣ፣ "ነፍሱን ይማር" ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። እኔም በልቻለሁ። ጠላው ጥሩ እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳም፤ ለምን እሱ ትዝ እንደሚለኝ ግን አላውቅም።

ሁለት አዝመራ ካለፈ በኋላ ተርጓሚው ከአውቶቡስ ወረደ።

ሌላ ጀልባ አውጥቶት ኖሯል። ባሕር ማዶ ታስሮ ከርሞ፣ በመጨረሻ እንደ ወጣ ባዶ እጁን ወደ አገሩ አባረሩት። መናኸሪያው ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አይታው ቁና ቁና እየተነፈሰች አማተበች። ወጣቶቹ ግን ወዲያው ስም አወጡለት።

"ክፍል ሁለት መጣ!"

እሱም ሳቀ። "እንኳን ክፍል ሦስት አላላችሁኝ!" አለ። ፊቱ ከስቶ ጥርሱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

እናቱ አንገቱን አቅፈው እስኪመሽ አልለቀቁትም። በማግሥቱ ዶሮ አሳርደው እኔንም ጠሩኝ። ወጡን እያወጡልን፣ "ልጄ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፈረሰኛውን ይወድ ነበር" አሉ። ፈረሰኛው እሱ እጅ ላይ ነበር።

"እማዬ፣ እዚህ ነኝ እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

"አዎ ልጄ፣ አዎ። ምላሴ ነው። ለምዶብኝ ነው።"

ጥቁሩን እንዲያወልቁ ለመናቸው። "አውልቄ ዳግመኛ ከምለብሰው ይቆይልኝ" አሉት። ሲተኛ እየተነሡ አፍንጫው ሥር እጃቸውን ያስጠጋሉ። ይህን የነገረኝ እሱ ነው። የሚያስቅ መስሎት ጀመረውና መጨረስ አቃተው።

እሱ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ሰው ከሕያዋን መቆጠር። አገሩ ግን ይህን ነፈገው፤ ያውም በክፋት አልነበረም። ለሞቱ የመጣው ሕዝብ ለመመለሱ አልመጣም። ተስካሩን የበላ ሰው ዓይኑን ማየት ያፍር ነበር። አንዲት ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ቢልክ፣ አባቷ "ተስካሩን የበላሁለትን ሰው ሠርግ በየትኛው ጉሮሮዬ ልብላ?" ብለው መለሱ። እናቱ የነፍስ አባታቸው ዘንድ ይዘውት ሄዱ፤ እኔም ተከትዬ ነበር።

"አባ፣ ልጄን ከሙታን ስም ያውጡልኝ" አሉ፣ መስቀሉን እንደተሳለሙ።

ቄሱ ብዙ አሰቡ። "ፍትሐትን የሚሽር ፍትሐት አላውቅም። ለሙት የጸለይነው ለሕያው ቢደርሰው ምን ይጎዳዋል? ይዘሽው ግቢ።"

መልካም መልስ ነው። ዛሬ እኔም ብጠየቅ ከዚህ የተሻለ አልመልስም። እናቱን ግን አላሳረፋቸውም።

ማይኩን የመለሰለት ጋሼ ነው። "ድምፅህ አልሞተም፤ ና ሥራህን ሥራ" አለው። ደግ ሰው ነበር። የዚያን ገበያ ቀን ከደብረ ብርሃን አዲስ ሲዲ አምጥቶ ነበር፤ የእንግሊዝ የሙት ፊልም፣ ያውም ክፍል ሁለት። ክፍል አንዱን ያየ ማንም አልነበረም።

ፊልሙ ሲጀምር ጉም ነው። ከጉሙ ውስጥ የድንጋይ አጥር ወጣ፣ ቀጥሎ በጎች።

"ይኼ የእኛ የጓሳ ሜዳ አይደለም እንዴ?" አለ አንዱ።

"ያቺ ጥቁሯ የእኔ ናት! እንግሊዝ ነው ለካ የሰረቀኝ!" አለ ሌላው፤ ቤቱ ሳቀ።

ነገር ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። የአሜሪካው ሙት በመብራት ከተማ፣ በፎቅ መሐል ይሄዳል፤ የእኛ ነገር አይደለም። የእንግሊዙ ሙት ግን እኛ በምንሄድበት ዓይነት መንገድ፣ እንደ እኛ ዝናብ እየደበደበው ነበር የሚሄደው። መሣሪያ የያዘ የለም። ሰዎቹ ትንሽ ይናገራሉ፣ ብዙ ይፈራሉ። እኩሌታው ላይ አክተሩ ሞተ።

አዳራሹ ተነሣ። "ሲዲው ተቆርጧል!" "ገንዘባችንን!" "አክተር አይሞትም!"

"እኔ ገደልኩት? ቁጭ በሉ፣ አጠፋዋለሁ!" ብሎ ጋሼ ጮኸ።

ቁጭ አሉ። የሞተው አክተር ተነሣ፤ ሙት ሆኖ። ማንንም አልነከሰም። በጉሙ ውስጥ ሄዶ ሄዶ የእናቱ ቤት ደረሰና ከድንጋይ አጥሩ ውጭ ቆመ። እናቱ በመስኮት ያዩታል። ያዩታል እንጂ አይንቀሳቀሱም። አሜሪካኖቹ ቢሆኑ እዚህ ጋ ጥይት ነበር፤ እንግሊዞቹ ዝናቡን ብቻ አሰሙን።

"ተርጉም እንጂ! ምን አለ?"

"ምንም አላለም" አለ ተርጓሚው።

"ተዉት፣ ራሱን እያየ ነው! ክፍል ሁለት ክፍል ሁለትን ሲያይ!" አለ አንድ ተረበኛ ከኋላ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ተርጓሚው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ማይኩ ውስጥ ትንፋሹ ተሰማ፤ ቀጥሎ እንዲህ አለ፦

"'እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈቺልኝ' አለ።"

የሙቱ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። እኔ ማይኩ አጠገብ ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ እንግሊዝኛ የማያውቅም ሰው ያየዋል። ያረመው ግን የለም። እናትየው መጋረጃውን ዘጉ፣ ፊልሙም አለቀ። ሰው ክፍል ሦስት አለው ወይ ሳይል ወጣ።

እኔና እሱ በገበያው መሐል ሄድን። በጎች እየተጫኑ ነበር። ድንገት ሳቅ አለና፣ "የአሜሪካኖቹ ይሻላል" አለኝ።

"ለምን?"

"እነሱ ቢያንስ ይተኩሱብሃል።"

ልጄ፣ ፊልም ሠሪ ምን አስቦ እንደሚሠራ አላውቅም፤ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ግን የትኛው ይበልጣል ብለሽ ከጠየቅሽኝ፣ የሚበልጠው ሙቱ ቤት እንደነበረው ያልረሳው ነው። ሰው ቆሞ ሳለ ሙት ማለት ነውር ነው። በቀልድም ነውር ነው። እኛ "ክፍል ሁለት" ብለን ስንጠራው ይስቅ ነበርና የወደደው መስሎን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሄደ። ለእናቱ ደብረ ብርሃን ሥራ አግኝቻለሁ አላቸው፤ መንገዱ ግን ያው የባሕሩ መንገድ ነበር። በዓመቱ ለጋሼ ስልክ ተደወለ። በበረሃ ታሞ ሞተ፣ በእጄ ነው የቀበርኩት ያለ ሰው ነው የደወለው። የአሁኑ ስሕተት አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ጎሕ ሲቀድ ሄዱ፤ እኔና ጋሼም ከኋላቸው። እናቱ በሩን ከፈቱ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡን። ከዚያ ልጅ እንደሚያርም ሰው በለሰለሰ ድምፅ፣ "እሱንማ አልቅሰንለታል እኮ" አሉን። መደቡን በነጠላቸው ጠርገው "ግቡ፣ ብርድ ላይ አትቁሙ" አሉ። እሪታ አልወጣም፤ ጎረቤትም አልመጣም። ሽማግሌዎቹ መክረው፣ ለአንድ ሰው ሁለት ተስካር አይወጣም አሉ። ቄሱ ብቻቸውን ጸለዩለት።

የወጣውን ወጪ ልደምርልሽ። ጋሼን ቪዲዮ ቤቱን አስከፈለው፤ ማይኩን ለሌላ ሰው መስጠት አልሆንልህ ብሎት ጄኔሬተሩን ሸጠና ዘጋ። እኔን ጓደኛዬን፣ ከእሱም ጋር የወጣትነት ሳቄን። ለሞላሌ የተረፋት፣ በተጠራ ቁጥር አንገቷን የምትደፋበት አንድ ስም ነው። እሱን ሁለት ሞት አስከፈለው። እናቱን ደግሞ ልጃቸውን፣ በላዩም ለሁለተኛው ሞት ሳይፈስ የቀረውን እንባ።