ሁለት የውሃ አባቶች

ከጎጃም ተመድቤ ቆቦ የመጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። አፌ አያርፍም። ያን ዓመት ሰኔ ላይ አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት!

የቤቴ አከራይ ገበሬ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ማሽላቸው ያለው ከመስኖው ቦይ መጨረሻ ነው። ምርቱ ከያዘ ልጃቸው ዘጠነኛ ክፍል ትቀጥላለች፤ ካልያዘ ትምህርት የሚባል ነገር የለም። እዚህ ቆላው ላይ ዝናብ ሲጠፋ ሰው የሚያድረው ከደጋው በሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ጎርፉ ደግሞ ሰዓት አይቆይም። ስለዚህ ገበሬው አንድ የውሃ አባት ይመርጣል። ጎርፉን የሚያግደው የአፈር ክትር በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። የዚያን ጊዜው የውሃ አባት ለዘመዶቹ ያደላል እየተባለ ይታማ ነበር፤ የጋሼም አንጀት አርሮ ነበር።

ለምርጫው ሲሰበሰቡ አብሬ ሄድኩ። ማን ተናገር እንዳለኝ እንጃ፣ ብድግ ብዬ ሮማውያን ንጉሣቸውን ካባረሩ በኋላ እንዴት እንደተዳደሩ መተረክ ጀመርኩ። በየዓመቱ ሁለት ሹማምንት ይመርጣሉ፤ አንዱ ያዘዘውን ሌላው መከልከል ይችላል፤ ስለዚህ ማንም ብቻውን አይነግሥም። "በዚህ ነው ከአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ተነስተው ያን ሁሉ አገር የገዙት" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ወላሂ፣ መምህሩ እውነት አለው" አሉ። ከላይኛው ማሳ አንድ፣ ከታችኛው አንድ ተመረጠ። ጋሼ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው መረቁኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ማፈሪያ!

ሐምሌ እኩሌታ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ጎርፉ መጣ። እስከዚያ ቆላው ላይ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። የላይኛው አባት "በእኛ በኩል ክፈቱ" ሲል የታችኛው ከለከለ። የታችኛው "ወደ ታች ልቀቁት" ሲል የላይኛው ከለከለ። ሰዉ አካፋውን ይዞ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያን ያያል። ኧረ በፈጠራችሁ ብል ማን ይስማኝ? ውሃው ክትሩን ጥሶ አንድ ማሳ ሳያጠጣ ወደ ወንዙ ነጎደ። ሌላ ጎርፍ አልመጣም።

የጋሼ ማሽላ ፍሬ ሳይይዝ ደረቀ። "አብሽር መምህር፣ የአላህ ሥራ ነው" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጃቸው እንደምንም ተመዝግባ ክፍሌ ገብታ ነበር። ጥቅምት ላይ የሮማ ትምህርት ደረሰ። ስለ ሁለቱ ሹማምንት ካስተማርኩ በኋላ ገጹን ገለጥኩ፤ መሸሽ አልቻልኩም። ክፉ ቀን ሲመጣ ሮማውያን ክርክሩን ትተው ሥልጣኑን ሁሉ ለስድስት ወር ለአንድ ሰው ይሰጡ ነበር። አነበብኩት።

የጋሼ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ይሄንን ሰኔ ላይ ያውቁት ነበር?"

በየዓመቱ የማስተምረው ገጽ ነው። የምርጫው ቀን ንግግሬ እንዲያምርልኝ ብዬ ዘለልኩት።

"አውቀው ነበር" አልኳት።

ደብተሯ ላይ ጻፈችው። በሳምንቱ ትምህርቱን ትታ ዋጃ ከተማ ሄዳ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች።